መርዶ በቢዱድ

በኮሮናው ጊዜ እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ውስጥ ሥራዬ ስልክ መደወል ነበር። በሽታው የተገኘበት ሰው ከማን ጋር እንደዋለ አጣራለሁ፤ አብረውት የዋሉትን «ቢዱድ ግቡ፣ ከቤት እንዳትወጡ» እላለሁ፤ ቢዱድ በዕብራይስጡ ለብቻ ተለይቶ መቀመጥ ነው። የኛ ሰው ግን ለማያውቀው ሰው በስልክ መች ይናገራል? «የትም አልሄድኩም» ነው መልሱ። ስለዚህ ማኅበራዊ ሚዲያውን እንበረብራለን። ሰርጉም ለቅሶውም ኢትዮጵያ ላለ ዘመድ በላይቭ ስለሚተላለፍ፣ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

እኔም ራሴ ቢዱድ ላይ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜን ሳስታምም በሽታው ያዘኝ፤ እሱ ሆስፒታል ገባ፣ እኔ ቤቴ ቀረሁ። ከቤት እየሠራሁ በየቀኑ ለእህቴ እደውላለሁ። «ተሽሎታል» ትለኛለች። ድምፁን አሰሚኝ ስላት ስልኩ ተበላሽቷል አለች። እሺ አልኳት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አለቃዬ ቪዲዮ ላከችልኝ። ከባቡር ጣቢያው ማዶ ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ ነበር፤ ከለቀስተኞቹ አንዱ ታሟል። «ያንቺ ሰዎች ናቸው፣ እስቲ ፊታቸውን ለዪልኝ» አለችኝ። ክፋት የለባትም። ከፈትኩት። ድንኳኑ የተጣለው አጎቴ የሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ነው። እህቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትመታለች። ከፊት የወንድሜ ፎቶ ቆሟል።

በኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ማልደው ይመጣሉ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይይዝሻል፣ ከዚያ ይነገርሻል። ለካ ቢዱዴ እስኪያልቅ እየጠበቁኝ ነው። ላይቩን እንዳላይ ደግሞ ገጹን ዘግተውብኛል፤ ብልጦች! አለቃዬን ማን አሰባት።

አላለቀስኩም። ደንዝዣለሁ። መርዶ ያልተነገረው ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል? ፊቶቹን አንድ በአንድ ለየሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ መደወል ጀመርኩ። መጀመሪያ አጎቴ ጋ።

«ጋሼ፣ ሰሞኑን ለቅሶ ደርሰው ነበር?»

«አታሟርቺ! ማን ሞቶ?»

«ለሥራ ነው የምጠይቅዎ። ለቅሶው ላይ የታመመ ሰው ነበር። ቢዱድ ይግቡ።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «እሺ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። የማንን ለቅሶ እንደምል አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ለእህቴም ደወልኩ፤ ያው ነው። ሁሉንም ቢዱድ አስገባኋቸው።

የኔ ሲያልቅ ሊያረዳኝ የሚመጣ አልነበረም። በሩን የዘጋሁባቸው እኔው ነኝ። ጠዋት ተነስቼ በእግሬ ሄድኩና ከአጎቴ ሕንፃ ሥር ቆምኩ። ድንኳኑ ተነስቷል። ስጣራ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ሰገነቱ ላይ ወጡ።

«ጋሼ፣ ወንድሜ የት ነው?»

«ቤትሽ ግቢ ልጄ። እንዲህ መንገድ ላይ አይነገርም።»

«ይንገሩኝ! ከዚህ አልሄድም!»

ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ሳቡት። «ወንድምሽ አረፈ» አሉ።

ያን ጊዜ አስፋልቱ ላይ ወደቅኩ። ድምፄ ከየት እንደሚወጣ አላውቅም። አጎቴ ከላይ ሆነው «ኧረ ያዟት! ያዟት!» እያሉ ይጮኻሉ፤ አጠገቤ ማንም የለም።