የሂዳያ ምላስና የጁነዲን ሰርተፊኬት

ሂዳያ በርበሬ ስትፈትሽ ማንም አያናግራትም። እጇን ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከሆዱ እስከ ክርኗ ትከትና አንድ ዛላ ታወጣለች። ሰንጥቃ ውስጡን ታያለች፣ ታሸታለች፣ ከቆዳው ቆንጥራ ምላሷ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ ወይ «ይግባ» ወይ «ይመለስ» ነው። በርበሬ ተራ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው ይህንኑ ነው። ውኃ አርከፍክፈው ክብደት የሚጨምሩ፣ ከላይ ቀዩን ከታች የሻገተውን የሚሞሉ ነጋዴዎች ከሚዛኑ ይልቅ እሷን ይፈሩ ነበር። የጁነዲን አባት በሕይወት ሳሉ እሷ «ይመለስ» ያለችውን ጆንያ አንድም ቀን አስገብተው አያውቁም።

ጁነዲን ከአባቱ የወረሰው መጋዘኑን ብቻ ነው። ከራጉኤል ጀርባ ያለችውን መጋዘን ወፍጮና ማሸጊያ አስገባባትና «ኢንዱስትሪ» አላት፤ ራሱን ደግሞ «ሥራ አስኪያጅ»። አንድ የዱባይ ገዢ «አይሶ አላችሁ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው ዓይኑን ሳያሽ «በሂደት ላይ ነው» አለ። አይሶ ማለት ዓለም አቀፍ የጥራት ደረጃ መሆኑን ሰው ጠይቆ የተረዳው በማግስቱ ነበር። በሦስተኛው ቀን አማካሪ ቀጠረ።

አማካሪው ሚኪ ይባላል። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲህ ሰው የሚኖር የማይመስለው፣ በርበሬው ባስነጠሰው ቁጥር ሠራተኛውን የሚገላምጥ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ሰብስቦ «ነገሩ ቀላል ነው። የምትሠሩትን ትጽፋላችሁ፣ የጻፋችሁትን ትሠራላችሁ» አለ። ሂዳያ ይህን ንግግር ወደደችው። ሰውዬው ከተናገረው ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ራሱ አላመነበትም።

«የእርስዎ አሠራር የት ነው የተጻፈው?» አላት።

«የትም አልተጻፈም። እዚህ ነው» አለችና ምላሷን አሳየችው።

«ምላስ ካሊብሬሽን የለውም» አለ ሚኪ። ጁነዲን ቃሉ መለኪያን ፈትሾ ማስተካከል ማለት መሆኑ የገባው ይመስል ከት ብሎ ሳቀ።

በሳምንቱ እንደ ሹካ ጆንያ ውስጥ የሚሰካ የእርጥበት መለኪያ መጣ። የዚያን ዕለት ከገባው ጭነት አንዱን ጆንያ ሂዳያ ገና ስትሰነጥቀው አወቀችው፤ ውኃ ጠጥቶ ከሻገተ በኋላ ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው። «ይመለስ» አለች። ሚኪ መለኪያውን ሰካና «ደረቅ ነው፣ አልፏል» አለ። ጁነዲን አንዴ እሷን፣ አንዴ መለኪያውን አየና «ይግባ» አለ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ቃሏ ሲታለፍ የመጀመሪያው ነበር።

ቀጥሎ የመዝገቡ ነገር መጣ። ሰርተፊኬቱ ከመሰጠቱ በፊት የሚመጣው መርማሪ የአንድ ዓመት የጥራት ቁጥጥር መዝገብ ይጠይቃል፤ ድርጅቱ ደግሞ የአንድ ቀን እንኳ የለውም። ሚኪ ሦስት ቀን ሙሉ አንዴ በሰማያዊ፣ አንዴ በጥቁር እስክሪብቶ ዓመቱን ፈጥሮ ጨረሰው። ወረቀቱ ያረጀ እንዲመስል ሻይ ጠብ ጠብ አደረገበት። ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ያህል ብር የሚከፈለው! ከዚያ «ተቆጣጣሪ» በሚለው ቦታ እንድትፈርም ለሂዳያ አመጣላት።

«ያላየሁትን አልፈርምም» አለች።

ጁነዲን ቢሮው አስጠራት። «እትዬ ሂዳያ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው። እርስዎ ካልፈለጉ ቦታውን የሚፈልግ ሞልቷል።»

«አንተ ጁነዲን፣ አባትህ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?»

ጁነዲን መዝገቡን ወደ ሚኪ ገፋው። ሚኪ በእሷ ስም ፈረመ። ያላባረሯት ስሟ በየገጹ ስላለና መርማሪው ሊጠይቃት ስለሚችል ብቻ ነው። ሂዳያም ይህን አልሳተችም። ያቺን አንድ የምርመራ ቀን ዝም ካለች እንጀራዋ አይነካም፤ ብቻዋን የምትኖር፣ በየወሩ የቤት ኪራይ የሚጠብቃት ሴት ናት።

ቀኑ ደርሶ መርማሪው አቶ ሰብሐት መነጽራቸውን ሰክተው መዝገቡን ገለጡ፣ ገለጡና ቆሙ። «ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልዘጋችሁም?» አሉ። የአረፋ ሳምንት ላይ ነበሩ።

አረፋ ሲደርስ በርበሬ ተራ ጭር ይላል። ስልጤው፣ ጉራጌው ቤቱን ቆልፎ አገሩ ይገባል፤ ይህን የማያውቅ የመርካቶ ሰው የለም። የማያውቀው ሚኪ ነው። እሱ በፈጠረው መዝገብ ላይ በዚያ ሳምንት ጠዋትና ማታ እርጥበት አስለክቶ፣ በራሱ በአረፋ ቀን ደግሞ በጁነዲን ሰብሳቢነት የማኔጅመንት ስብሰባ አካሂዷል። ጁነዲን የገዛ ቃለ ጉባኤውን አንብቦት ቢሆን ኖሮ ይደርስበት ነበር፤ ግን ማን ያነባል?

«ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?» አሉ አቶ ሰብሐት። ጁነዲን በዓይኑ ለመናት።

«አይደለም» አለች ሂዳያ። «አረፋን እኔ አገር ቤት ነበርኩ። መጋዘኑም ተቆልፎ ነበር። ሰብሳቢው ጁነዲንም የዚያን ቀን እዚያው ቢላዋ ይዞ በሬ ሲጥል ነው የዋለው።»

መርማሪው ፋይሉን ወርውረው የሚወጡ መስሏት ነበር። አልወረወሩም። ሰዓታቸውን አዩና «ዝቅተኛ ግድፈት» ብለው ጻፉ። የችግሩ መንስኤና የተወሰደው እርምጃ በሦስት ወር ውስጥ በጽሑፍ እንዲቀርብ አዘዙ፤ የጁነዲንን እጅ ጨብጠው ወደሚቀጥለው ድርጅት ሄዱ።

ሚኪ ሦስት ወር አላስፈለገውም፤ በማግስቱ ሞላው። መንስኤ፦ የተቆጣጣሪዋ የመዝገብ አያያዝ ጉድለት። እርምጃ፦ ሠራተኛዋ ተሰናብታ በሠለጠነ ባለሙያ ተተክታለች። በሁለተኛው ወር ሰርተፊኬቱ መጣ። በወርቃማ ፍሬም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩ እንደዚያ ያለ የሻገተ በርበሬ ይፈጫል።

ሂዳያ አሁን በርበሬ ተራ ውስጥ በቀን ሂሳብ ዛላ ትመርጣለች። ረመዳን ሊገባ ሲል የጁነዲን ሚስት ሰዓደት ደወለችላት።

«እትዬ ሂዳያ፣ ለቤት በርበሬ ላዘጋጅ ነበር። ዛላውን እርስዎ ቢመርጡልኝ?»

«ባልሽ መጋዘን ሙሉ በርበሬ አለው አይደል?»

ሰዓደት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሱ እኮ ነው ለእርስዎ ደውዪ ያለኝ። ከፋብሪካው እንዳታስመጪ፣ ልጆቹ ይታመማሉ ብሎኛል።»

«ሰርተፊኬቱን ፈጭቶ ይብላ በዪው» አለች ሂዳያ፤ ስልኩን ዘጋችው።