ነግቶ ኖሯል

ተኳሿን ካውያ ይዛ ያየ ዕድሜዋን አይገምትም። እንፋሎቱ ፊቷን አለስልሶታል፤ እጇ ግን እስከ ክርኗ በቃጠሎ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል። በላውንደሪው የእሷን ያህል የቆየ ሠራተኛ የለም፤ ባለቤቱ እንኳ ከአባቱ የወረሳት ከነማሽኑ ነው።

እናቷ በሞተች ሰሞን አንዲት ደንበኛ ከሠፈሩ መድኃኒት ቤት በላይ ወዳለው አዳራሽ ወሰደቻት። እዚያ "መምህር" የሚሉት ሰው ስለ ዘመናት ያስተምራል። ዓለም ከወርቅ ዘመን ተነሥታ ወደ ብር፣ ወደ መዳብ እያለች ወርዳ አሁን የብረት ዘመን ጭራ ላይ ደርሳለች፤ ሊነጋ ጥቂት ነው የቀረው፤ ሲነጋ የወርቁ ዘመን ይመለሳል፣ የሰው ልጅ የውስጥ ዓይኑ ይገለጣል፣ የተኛ ግን እንደተኛ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ውላ ባዶ ቤት ለምትገባ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ደግሞም "እህታችን" ይሏታል።

አንድ ነገር ብቻ ከበዳት። መንቃት የሚሻ አያገባም፤ ትዳር የብረት ዘመን ሰንሰለት ነው ይላል መምህሩ። በዚያው ዓመት የላውንደሪውን ጠረጴዛ ሊጠግን የመጣ አናጢ ነበር። ጠግኖ ከጨረሰ በኋላም "እግሩ ይነቃነቃል" እያለ ይመላለሳል፤ የሚነቃነቀው የማን ልብ እንደሆነ ግን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቃት።

"ይህ ዘመን እስኪያልፍ ታገሠኝ" አለችው።

"ዘመኑማ ያልፋል፤ እኛንም ይዞ ነው የሚያልፈው" አላት። ቢሆንም ታገሠ።

በመሃል ታናሽ እህቷ አገባች። ተኳሿ "የብረት ዘመን ድግስ ነው" ብላ ከሠርጉ ቀረች። ከዚያ ወዲህ እህቷ "እትዬ" ብላት አታውቅም።

ይነጋል የተባለው ቀን ደረሰ። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። አጠገቧ ያለችው ሴት "አየሁ" ብላ አለቀሰች፤ ከፊት ያለው ሰውዬም "ብርሃን" እያለ ተንቀጠቀጠ። እሷ የተሰማት የጉልበቷ ሕመም ብቻ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ግን "እኔም አየሁ" አለች።

በማግስቱ አናጢው መጣ። "ነጋ አሉ። እንግዲህስ?"

"ስለ ትዳር መምህሩ ምንም አላሉም።"

ጠረጴዛውን በእጁ ዳበስ አደረገና ወጣ። ዓመት ሳይሞላው ሌላ አገባ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ረፋድ ላይ የመምህሩ ሾፌር ጥቁር ሙሉ ልብስ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ለቅዳሜ ይድረስ። ለሠርጋቸው ነው።"

"ለማን ሠርግ?"

"ለመምህር ነዋ። አምና የመጣችውን ልጅ ሊያገቡ ነው። አልሰማሽም እንዴ?"

ኮቱን ተኮሰች፤ ሱሪውን ተኮሰች። ሰቅላ ሽርጧን ፈታችና ወደ አዳራሹ ወጣች። መምህሩ ወንበር ያስደረድር ነበር።

"መምህር፣ ትዳር ሰንሰለት ነው ብለውን አልነበረም?"

"እሱ ለብረት ዘመን የተሰጠ ትምህርት ነው" አላት ሳይቆጣ። "አሁን እኮ የወርቁ ዘመን ውስጥ ነን።"

"ታዲያ መቼ ነው የተፈቀደው?"

"ከነጋ ጀምሮ። አንቺስ ያን ቀን አይቻለሁ ብለሽ የለ?"

አላየሁም ብትል የዋሸችው እሷ ናት። አይቻለሁ ብትል ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ የከለከላት ሰው አልነበረም፤ አናጢው በማግስቱ ሲመጣም ነግቶ ኖሯል። "ልክ ነው" ብላ ደረጃውን ወረደች።

ወደ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ ሻይ ቀዳችላት፤ ወሬው እሷም ጆሮ ደርሷል።

"ትሄጃለሽ?"

"እሄዳለሁ።"

"ከኔ ሠርግ ቀርተሻል እኮ።"

ተኳሿ ሻይዋን አማሰለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። እህቷ ተነሣችና ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ቅዳሜ ጠዋት ተኳሿ ቀሚሷን ተኩሳ ለበሰችና ወደ መምህሩ ሠርግ ሄደች። ሌላ ወዴትስ ትሂድ።