ከምጽዋ የመጣው ሽሪምፕ

ዛሬ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ በዓሣ ማሳደጊያ የመስታወት ሣጥን ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ሲዋኝ አይቼ ቆሜ ቀረሁ።

በደርግ ጊዜ ባለቤቴ ምጽዋ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር፤ እኔ እዚሁ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ብቻዬን እኖር ነበር። አንድ ቀን ባልደረባው በባሕር ውሃ የተሞላ የብርጭቆ ዕቃ አመጣልኝ፤ ውስጡ ሕያው ሽሪምፕ አለ። "ባልሽ ጓደኛ ይሁናት ብሏል" አለኝ።

ውሃው ሲጎድል፣ ጎረቤቴ የባዮሎጂ መምህሩ ጋሽ ታደሰ፣ "የቧንቧ ውሃ ወዲያው እንዳትጨምሪ! ክሎሪኑ መተንፈሻውን ያቃጥለዋል። ጨዉም በአንዴ ከቀነሰ ሰውነቱ ውሃ ስቦ ያብጣል" አሉኝ።

የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ እያሳደርኩ በማንኪያ ጨመርኩለት። ከሥራ ስገባ በሹክሹክታ አዋራው ነበር። (የዶሮ ማነቂያ ግድግዳ ሁሉን ያሰማል!)

ግን የራሱ ቆሻሻ ውሃውን መረዘው። አዲስ የባሕር ውሃ ከየት ላምጣ? አንድ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት።

ባለቤቴም ከምጽዋው ጦርነት አልተመለሰም።

እናንተስ በዚያ ዘመን ቤታችሁ ጭር ሲል ከማን ጋር ታወሩ ነበር?