ጡጦ ያለቻት ማረፊያ

የኒታ ብሩባከር እጅ ቋጠሮ አያበላሽም ይባል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ ጫፍ ስትዘመዝም ኖራለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ከባሏ ከአርቪን ጋር ከሃርድዌር መደብሩ ጀርባ ያለችውን የቀስት ሱቅ ያዘች። አርቪን ሲሞት ሰዉ ሁሉ ትሸጠዋለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን በማግሥቱ ሳምንት ከፈተችው። በእነዚያ የፔንስልቬንያ ተራሮች ቅጠሉ መቅላት ሲጀምርና የአደን ወቅት ሲቃረብ፣ ወንዶቹ ቀስታቸውን ተሸክመው የሚመጡት እሷ ዘንድ ነበር።

የሱቁ ግድግዳ በጨርቅ ቁራጭ የተሞላ ነው። አጋዘን አነጣጥሮ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጭራ፣ ያ ሱሪ ውስጥ የሚገባው የኋላ ጫፍ፣ በመቀስ ይቆረጥና ስሙና ቀኑ ተጽፎበት ይሰቀላል። የአገሩ ደንብ ነው፤ የከተማው ዳኛም ጭራ እዚያ አለ። ኒታ አንዳንዱን ስታይ፣ "ይሄን እኮ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ" እያለች ትስቅ ነበር።

ላቨርን ትሮክስል ወደ ሱቁ የመጣው ላሞቹን በሸጠበት ዓመት ነው። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። የሟች ወንድሙን ቀስት ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እነቃለሁ፤ የማልባት ላም የለችም" አላት። "ወጥ ቤቷ ውስጥ ስንጎራደድ ሚስቴ ኤድና ሰለቻትና፣ 'በል ሂድ፣ እንደ አዳኞቹ ዛፍ ላይ ውጣና አጋዘን ጠብቅ' አለችኝ።"

"ጥሩ ነው ያለችህ። የፍላጻ ማረፊያው ተሰብሯል፤ ሌላ ልግጠምልህ።"

ፍላጻው ከመለቀቁ በፊት ጋደም የሚልባት ያቺ ትንሽ ዕቃ ሁለት ዓይነት ናት። አንደኛዋ ዙሪያዋን እንደ ብሩሽ ጠጉር ያላት ቀለበት ናት፤ ፍላጻው መሐሏ ይሰካል፣ ቀስቱን ብትዘቀዝቀው እንኳ አይወድቅም። ሁለተኛዋ እንደ ሹካ ናት። ቀስቱ ሲገተር በሲባጎ ተስባ ፍላጻውን ታነሣለች፣ ሲለቀቅ ደግሞ ዝቅ ብላ መንገድ ትለቅለታለች። ለለመደ እጅ ሹካዋ ትበልጣለች፤ ለጀማሪ ጠጉራሟ። ይህን ከኒታ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ጠጉራሟን "ጡጦ" ያለቻት ግን ራሷ ኒታ ነበረች። ድሮ፣ አርቪን በሕይወት ሳለ፣ የጓደኞቹን ሳቅ ለማግኘት፣ "ጥርስ እስክታበቅሉ ጡጦ ልስጣችሁ" አለቻቸው፤ ስሙ በዚያው ቀረ። በሦስት ቀበሌ ውስጥ ያለ አዳኝ ሁሉ ጡጦ እንጂ ሌላ ስም አያውቅላትም።

ላቨርን እጁን የዘረጋው ወደ ጠጉራሟ ነው።

"ይቺ ትሻለኛለች። እጄ ብርድ ሲነካው ይደነዝዛል፤ ፍላጻው እየወደቀ ያሳፍረኛል።"

ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ዴልበርት፣ ያ ጋዝ በመኪና የሚያመላልሰው፣ ቀና አለ። "ኒታ፣ ጡጦውን ጠቅልይለት እንጂ። ዳይፐርም ካለሽ አብረሽ ጣል አድርጊለት።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኒታም ሳቀች። ላቨርን ጆሮው ቀላ፤ ዕቃዋን ቀስ አድርጎ ወደ ቦታዋ መለሳት።

"እንግዲያው ያቺን ሌላዋን" አለ።

ያኔ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። "ተው፣ ዝም በላቸው፣ ላንተ የምትሆነው ይቺ ናት" ማለት አፏ ላይ ነበረ። አላለችም። ሹካዋን ገጠመችለት፣ ሲባጎውን ከቀስቱ ገመድ ጋር ቋጠረች። የቋጠሮው ጫፍ በላይተር ካልቀለጠ እያደር ይንሸራተታል። ላይተሯን ግን ዴልበርት ሲጋራ ሊለኩስ ወስዶታል፣ ወሬውም ጣፍጧል። በኋላ አቀልጠዋለሁ አለች። ረሳችው።

የአደኑ ወቅት ከተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት ላቨርን ተመለሰ። ሸሚዙ ንጹሕ ነበር፣ የእሑድ ሸሚዝ። ቀስቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቆቡን አወለቀ።

"ለሚችልበት ሰው ሽጪው" አላት።

"ምን ሆንክ?"

"አንዲት እንስት አጋዘን መጣች። ቅርብ ነበረች፣ ከዚህ እስከ በሩ። ደረቷን አልሜ እግሯን መታሁ። ደሟን ተከትዬ እስኪመሽ ፈለግሁ። በማግሥቱም ፈለግሁ። ወንዙ ጋ ደሙ ጠፋ።" ቆቡን በእጁ አዞረ። "ሠላሳ አንድ ዓመት የታመመች ላም ጥዬ ተኝቼ አላውቅም፣ ኒታ።"

ዴልበርት እንኳ ዓይኑን ወደ ምድጃው መለሰ። ላቨርን ዞሮ ሸሚዙን ከሱሪው አወጣ።

"ቁረጡት። ደንቡ ነው።"

"ያ ለሳተ ሰው ነው እኮ" አለ ዴልበርት።

"ስቻለሁ። ቁረጥ።"

ዴልበርት መቀሱን ሲያነሣ፣ ኒታ ቀስቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ሲባጎውን አየችው። ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበትኗል፤ ቋጠሮው ጣት ያህል ተንሸራትቷል። ገተር ስታደርገው ሹካዋ እኩሌታ ድረስ ተነሥታ ቆመች። ፍላጻው ዝቅ ብሎ ነው የሄደው። የሰውየው እጅ ምንም አላጠፋም።

መቀሱ ቀጭ አለ። ጨርቁን ሰጧት። የሁሉንም ስም የምትጽፈው እሷ ነበረችና፣ "ላቨርን ትሮክስል" ብላ ጻፈች። ፊደሉ አማረ። በኋላ ያንገበገባት ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጨርቁ ከሒሳብ ማሽኑ በላይ ተሰቅሎ፣ ሰው ገንዘብ በሰጣት ቁጥር ፊት ለፊቷ ይመጣል። ሌሎቹን ቁራጮች በዓይኗ ትዘልላለች፤ እሱን መዝለል አቃታት። ጀማሪ በመጣ ቁጥር ጡጦ የምትለዋን ቃል ሰው ያነሣታል፤ ኒታ አትስቅም። "ምን ነካሽ፣ ጥርስሽን አመመሽ?" ይላታል ዴልበርት። ኤድናን ገበያ አገኘቻት፤ ስለ ባሏ ብትጠይቃት፣ "አሁንም በአሥር ሰዓት ይነሣል፤ ባዶ በረት ውስጥ ገብቶ ይቆማል" አለቻት። ኒታ ቤቷ ገብታ የገዛችውን ሥጋ ሳታወጣ መኪናዋ ውስጥ ረሳችው።

በማግሥቱ ጨርቁን ከግድግዳ ነቀለችና ቀስቱን ይዛ ወደ ትሮክስል እርሻ ነዳች። ላቨርን በረቱ ውስጥ ነበር፤ ማንም የማይረግጠውን ወለል ይጠርጋል።

"ያንተ አይደለም ይሄ" አለችውና ጨርቁን ዘረጋችለት። "ቋጠሮውን ሳላቀልጥ ነው የሰጠሁህ። ጠጉራሟን ስታነሣም ልክ ነበርክ። ሲስቁብህ አብሬ ሳቅሁ። ስሙን ያወጣሁትም እኔ ነኝ።"

ላቨርን መጥረጊያውን አቆመ። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ዴልበርት ሲቆርጥህ።"

"ሳይቆርጠኝ በፊት?"

"በፊት።"

ቀስቱን ተቀብሎ የተበተነውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"እሷስ?" አለ በመጨረሻ። "ሞታ ይሆን፣ ወይስ እያነከሰች አለች?"

"አላውቅም፣ ላቨርን።"

"እኔም አላውቅም።" ወደ መደርደሪያው ሄደና የላሞቹን ጅራት ጠጉር ይከረክምበት የነበረውን ትልቅ መቀስ አወረደ። "ዙሪ።"

ዞረች። ሸሚዟን ራሷ አወጣች። መቀሱ ዶልዱሞ ነበርና ጨርቁን እያኘከ ቆረጠው። ይቅር ብዬሻለሁ አላለም፣ አልተቆጣምም። ቁራጩን በእጇ አስያዛት።

"ጠጉራሟን ግጠሚልኝ" አላት። "ያወጣሽላትን ስም ግን ሁለተኛ አትጥሪ።"

ኒታ የራሷን ጭራ በላቨርን ቦታ ሰቀለችው፤ ስሟን ጻፈችበት፣ ቀኑንም፣ ያንን ቋጠሮ የቋጠረችበትን ቀን።

"አንቺ ደግሞ መቼ አድነሽ ነው የሳትሽው?" አለ ዴልበርት እየሳቀ።

"እዚሁ ጠረጴዛ ላይ" አለችው። "አንተም ነበርክ።"

ሳቁን አቋረጠ። ላይተሯን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት፣ ከዚያም ወዲህ አልነካባትም። ላቨርን በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ እንደገና ዛፍ ላይ ወጣ፤ ፍላጻ ሳይለቅ ተመለሰ፣ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ወንዙ ጋ የምታነክስ አጋዘን አየሁ ያለ ሰው በመጣ ቁጥር ኒታ ሥራዋን ትታ፣ "በየትኛው እግሯ?" ትል ነበር።