ኪኒን ትቷል ተብሎ የተጨበጨበልኝ ቀን

ሕንፃ ሥራ ላይ ወድቄ ወገቤን ከተጎዳሁ ወዲህ ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ሱስ ሆኖብኝ ነበር። ዘነበወርቅ አካባቢ ፊዚዮቴራፒ ስጀምር ባለሙያዋ ኪኒኑን ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ሕመሙን በእንቅስቃሴ እንዳስታግስ መከረችኝ። እንቅስቃሴው እውነትም ይረዳኝ ነበር። ኪኒኑን ግን መተው አቃተኝ፤ «ተውኩት» ብዬ ዋሸኋት።

እሷም አምናኝ አንድ ጠዋት ታካሚዎቹ ፊት አቆመችኝ። «ያለ ኪኒን ሦስት ወር ሆነው፤ እስቲ እንቅስቃሴህን አሳያቸው!» አለች። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ወገቤን ለማፍታታት ጎንበስ ስል የትራማዶሉ ፓኬት ከደረት ኪሴ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። ደግነቱ ባለሙያዋ ዞር ብላ ነበር። ጉልበታቸውን የሚታከሙት እትዬ አስካለ ግን አዩት፤ ቶሎ ብለው በጫማቸው ረገጡት። ፊቴ እሳት ሆነ። እንቅስቃሴውን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቅኳቸው። «እትዬ፣ ስላላጋለጡኝ እግዜር ይስጥልኝ። በጣም አፍሬያለሁ» አልኳቸው፣ መሬት መሬት እያየሁ።

እትዬ አስካለ ክው አሉ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያንተ ነው እንዴ? እኔ እኮ የራሴ የወደቀ መስሎኝ ነው የረገጥኩት!» አሉኝ።