ወፍ ዘራሽ

በእኛ በአጋሮ በኩል ሰው ሳይተክለው ለበቀለ ሁሉ ስሙ ወፍ ዘራሽ ነው፤ አጥር ሥር የወጣች ቲማቲምም፣ ከቡና ሥር የበቀለ ችግኝም። አባቱ ያልታወቀ ልጅም በዚሁ ይሰደባል። እናቴ ግን ስድቡ አይገባትም ነበር። «ወፍ እኮ ጥሬ አትነካም። ቀይ ቀዩን መርጣ በልታ ነው ዘሩን የምትጥለው» ትላለች። ክረምት በገባ ቁጥር እነዚያን ችግኞች ከነአፈራቸው እያነሣች፣ ያረጀ ቡና በወደቀበት ትተክላቸዋለች። ኑሯችን ያ ማሳ ብቻ ነበር።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ዐዋቂ ሆንኩ። በዚያ ዓመት ቡናችን ከነቅጠሉ ቆሞ ይደርቅ ጀመር። አንድ የግብርና ሠራተኛ ትምህርት ቤት መጥቶ «የተመረጠ ችግኝ ይታደላል፤ ማሳችሁን አጽዱ» አለን። ምኑ እንደሚጸዳ አልጠየቅኩም። እናቴ ሸቤ ለቅሶ በሄደችበት ቅዳሜ፣ ወፍ ዘራሹን አንድ ሳላስቀር ነቅዬ ከአረሙ ጋር ፀሐይ ላይ ከመርኩት። ላስደስታት ብዬ ነው። ሞኝነቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ስትመለስ ክምሩ አጠገብ ተንበረከከች። ሥሩን እያነሣች ዳሰሰችው፤ ሁሉም ደርቋል።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ምን አደረግሽ? ያ ረቢ! አሁን ምን ልንተክል ነው?»

«የተሻለ ይሰጡናል» አልኳት።

አልሰጡንም። ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ ቀበሌው በር ላይ እቆም ነበር። «ለከርሞ» ይሉኛል። ዝናቡ አባራ፤ የቀሩት ቡናዎችም ደረቁ። ሞቴን ተመኘሁ።

አባቴ የደረቀውን በመጥረቢያ እየጣለ «ወፍ ዘራሹስ የታለ?» አለ።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት። አረም መስሎኝ» አለችው እናቴ።

ዕድሜዋን ሁሉ ቡና ያሳደገች ሴት! እሱም አመናት። ብዙም ሳይቆይ ለቀን ሥራ ወደ ሊሙ ገነት ሄደ፤ በሰው ማሳ ቡና ለቃሚ ሆነ። ለበዓል በመጣ ቁጥር እንግዳ ፊት «ይቺ ናት ቡናና አረም የማትለየው» ይላታል። እሷ አንገቷን ትደፋለች፤ ከዚያ ተነሥታ ለእኔ ምሳ ታቀርባለች።

እኔም እበላ ነበር። ሁለቱም እስኪቀበሩ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።