ከሁለት ጣቃ የተመደበ ኮት

የደንብ ልብስ በሚሰፋበት በዚያ ቤት ውስጥ «ምድብ» የሚለውን ቃል ያህል ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የሚውል ቃል አልነበረም። ቆራጩ ጨርቁን ደራርቦ ይቆርጣል። ቀጭኗ የሚሏት መዳቢ ደግሞ ጠረጴዛው ዳር ቆማ ደረቱን ከጀርባው፣ እጅጌውን ከኮሌታው ታገናኝና በጨርቅ ቁራጭ ጠፍራ ታስረዋለች። የአንድ ሰው ሙሉ ልብስ እንዲህ አንድ ላይ ሲታሰር ምድብ ይባላል። ከአንድ ጣቃ፣ ከአንድ ጥቅል ጨርቅ፣ የተቆረጠ ደግሞ የሚመደበው ከዚያው ጣቃ ከወጣው ጋር ብቻ ነው። የጣቃና የጣቃ ቀለም በአምፖል ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ ውሃ ሲነካው ነው ጉዱ የሚወጣው።

ቃሉ ጠረጴዛው ላይ አልቀረም፣ ሰውም ላይ ወጣ። አብረው ምሳ የሚበሉት ሴቶች «የእኛ ምድብ» ይባባላሉ። ከተኳረፉ «ምድባቸው ተፈታ» ነው። ባልና ሚስት ተለያዩ ሲባል ኮሌታ የምትሰፋዋ ሴትዮ፣ ስሟም ኮሌታ ሆኖ የቀረው፣ «ድሮስ ከሁለት ጣቃ አይደሉ!» ትላለች። አንዷ ልጅ ሾፌሩን አየት ስታደርግ ደግሞ፣ «ተይው እናቴ፣ እሱ ገበር ነው። ላዩ ላይ ሌላ ሴት አለች» ብላ ቤቱን በሳቅ ታፈርሰዋለች።

ቀጭኗ ብዙ አትናገርም። ሰው ፊት ስትናገር አንገቷ ድረስ ትቀላለች። አሁን ኃላፊ የሆነችው ሴት ግን ጓደኛዋ ነበረች፤ ለዓመታት አንድ ጠረጴዛ ላይ ቆመው መድበዋል፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተዋል። ለእሷ ብቻ ቀጭኗ ታወራላት ነበር።

የቀጭኗ እናት ሞቱና ለሐዘን ቤቷ ተቀመጠች። ሥራው አስቸኳይ ስለነበረ ኃላፊዋ በእሷ ቦታ ገብታ ራሷ መደበች፤ ጣቃውን ሳታይ፣ እጇ ያገኘውን ካገኘው ጋር እያሰረች። ልብሱ ታጥቦ እጅጌው ሌላ ቀለም፣ ደረቱ ሌላ ቀለም ሆኖ ተመለሰ። የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት፣ እየጮኸ መጣ።

«ማነው ይሄን የመደበው?»

ኃላፊዋ ዓይኗን እንኳ አላሸችም። «ያው መዳቢዋ ናት እንጂ ጋሼ፣ ሌላ ማን ይመድባል?»

ቀጭኗ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች እዚያው ቆማ ነበር። አንገቷ ድረስ ቀላችና መሬት መሬት አየች። በዚያው ቀን ቁርጥራጭ ወደሚጠራቀምበት ክፍል ተላከች፣ ጆንያ ልትሞላ። ብናኙ አፍንጫ ይዘጋል፣ መስኮቱ የልብስ ማስጫውን ግቢ ነው የሚያየው።

ይሄንንስ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ምሳ ሰዓት የሆነውን ነው። ምሳ ዕቃዋን ይዛ እንደ ልማዷ አግዳሚው ጋ ስትደርስ ኃላፊዋ እግሯን ዘርግታ ቦታውን ሞላችና፣ «አዪ፣ ምድቡ ሞልቷል» አለች እየሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ኮሌታ ብቻ አቀረቀረች፣ እሷም ግን ቦታ አልለቀቀችም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀጭኗ ምሳዋን ጆንያ ላይ ተቀምጣ እየበላች የምታስበው አንድ ነገር ሆነ። ወንበሯ ላይ መርፌ ልትሰካላት አሰበች፤ ተወችው፣ መርፌ ይነቀላል። ልትሰድባት አሰበች፤ ስድቡ አፏ ላይ እንደሚሟሟ አወቀች። ሰው ሁሉ እያየ የማይወልቅ ነገር ነበር የፈለገችው።

ቀኑ መጣ። አዲስ ደንበኛ ሊጎበኝ ነው፣ ትልቅ ሥራ ይዞ። ጋሼ ናሙና ኮቶች እንዲሰፉ አዘዘ፤ ቀለሙ እንደማይለቅ ደንበኛው እንዲያይ ታጥበው ይለበሳሉ፤ አንዱን ኃላፊዋ ራሷ ለብሳ ትቀበለዋለች። በቀጭኗ ቦታ የገባችው አዲሷ መዳቢ ጥርሷን ታማ ቀረች። ኃላፊዋ የቁርጥራጩን ክፍል በር በእግሯ ገፋ አደረገች።

«ነይ እስቲ፣ ለዛሬ ብቻ።»

«እሺ፣ እርስዎ ካሉ» አለች ቀጭኗ።

«እርስዎ» መባሏ ኃላፊዋን ደስ አሰኛት። ፈገግ ብላ ሄደች።

ቀጭኗ የሌላውን ሁሉ በደንብ መደበች፣ የማንንም አንድ እጅጌ እንኳ አልበደለችም። የኃላፊዋ ቅድ ሰፊ ስለነበረ ከሩቅ ይለያል። ቀኝ ደረቱን፣ ቀኝ እጅጌውን፣ የጀርባውን ቀኝ ከአንዱ ጣቃ አወጣች። ግራውን በሙሉ ከሌላው። አሰረችና ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገችው።

ኮቱ ተሰፋ፣ ተተኮሰ፣ ኃላፊዋ ለክታው መስታወት ፊት ተሽከረከረችበት። «እንዴት ነው?» አለች። «እንዳንቺ ነው!» አሉ ሁሉም።

አጣቢዋ በማግስቱ ጠዋት ገመድ ላይ ሰቀለችው። ፀሐይ ሲመታው ቀኙ አመድ፣ ግራው የረጋ ውሃ የመሰለ አረንጓዴ ሆነ። ልክ መሃል ለመሃል። ሴቶቹ ወደ ግቢው ጎረፉ።

«በስመ አብ!» አለች ኮሌታ። «ግማሿ ልትሄድ፣ ግማሿ ልትቀር ነው እንዴ?»

ኃላፊዋ ስትደርስ ሳቁ ቆመ። ኮቱን አየች፣ ዞራ ቀጭኗን አየች። ጋሼም ከኋላ ደረሰ።

«ማነው የመደበው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ተሳስተሽ ነው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያዘነላት መሰለ። ኮሌታ ከኋላ የቀጭኗን ክንድ ቆነጠጠች። «ተሳሳትኩ በይ! እንጀራሽ ነው፣ በይ ምን አለበት!»

ቀጭኗ አንገቷ ድረስ ቀላች። ያም ሆኖ ድምፅዋ ወጣ፣ ቀጭን ቢሆንም እስከ አጥሩ ተሰማ።

«አልተሳሳትኩም። ያኔ እናቴን ስቀብር የተበላሸው የእኔ እጅ ነው ተባለ። አልነበረም። ይሄኛው ግን የእኔ ነው። እኔ ሳበላሽ እንደዚህ ነው የማበላሸው፣ ያኛውን ዝብርቅርቅ ከዚህ ጋር አስተያዩት።»

ጋሼ ወደ ኃላፊዋ ዞረ። «ያኔ ማን መደበ?»

ኃላፊዋ ገመዱን ያዘች። «ጋሼ... አስቸኳይ ነበር እኮ...»

«ገባኝ» አለ። «ካንቺ ጋር በኋላ እንነጋገራለን።» ለቀጭኗ ደግሞ፣ «አንቺ ዕቃሽን ያዢና ውጪ። ሆን ብሎ ጨርቅ የሚያበላሽ ሰው አላስቀምጥም።»

«እሺ ጋሼ።»

በዚህ መሃል የመኪና ጡሩምባ በሩ ላይ ተሰማ። ደንበኛው መጥቷል። ኃላፊዋን የሚያክል ሌላ ኮት ቤቱ ውስጥ የለም።

«ልበሺው» አላት ጋሼ።

«ይሄን?!»

«ጎንሽን ሰጥተሽ ቁሚ። ልበሺ ብያለሁ!»

ቀጭኗ ምሳ ዕቃዋን ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች። ከነገ ጀምሮ ሥራ የላትም፣ የቤት ኪራይም ደርሷል፣ ታውቃለች። ግን መንገድ አልጀመረችም፤ ከበሩ ውጪ ቆመችና በበሩ ፍርግርግ ብረት መሃል አየች። ኃላፊዋ አመዱን ጎን ለደንበኛው ሰጥታ ቆማለች። ሰውዬው ወደ ግራ ራመድ ሲል እሷም አብራው ትዞራለች፣ ፊቷ ላይ ላብ እየወረደ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

«የተሰፋው ደስ ይላል» አለ ደንበኛው። «እስቲ ጀርባውን ያሳዩኝ።»

ዘበኛው ቀጭኗን በክርኑ ነካ አደረጋት። «እህቴ፣ ተባረርሽ አይደል? ሂጂ እንጂ።»

«ቆይ ወንድሜ» አለች፣ ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ። «ገና አልዞረችም።»